የወፍ ፎቶ ላይ አስተያየት እንዴት ይሰጣል? እንዴትስ ይቀበሉታል?

ሳምንት አያልፍም፣ አንድ ሰው ያነሳውን የወፍ ፎቶ ይልክልኛል። ከስር ያለው ጽሑፍ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «እንዴት ነው?» እኔም ለረጅም ጊዜ «ያምራል፣ በርታ» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል። ምን ያድርግ? የነገርኩት ነገር የለም።

ከሌላው ወገን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «ጓደኛዬ ፎቶ አሳየኝ፣ ብዥ ብሏል፣ ሳላስቀይመው እንዴት ልንገረው?» ለሁለቱም አንድ ላይ ልመልስ። መለኪያዬ አንድ ነው። አስተያየቱን የሰማው ሰው በሚቀጥለው ጠዋት ካሜራውን ሲያነሳ የሚቀይረው ነገር ካገኘ፣ አስተያየት ተሰጥቷል። ካላገኘ ሰላምታ ነው የተለዋወጣችሁት።

ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የማመጣው ከሐዋሳ ሐይቅ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያለው አባ ኮዳ (ያ ረጅሙ መላጣ ወፍ) ሰው ስለማይፈራ ብዙ ጀማሪ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ የምታነሱም ብትሆኑ አሠራሩ አይለወጥም። በስልክ ለሚያነሳም በትልቅ ሌንስ ለሚያነሳም ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፎቶው በሙሉ መጠኑ። ስክሪንሾት አይሆንም።
- ያልተከረከመውና ኤዲት ያልተደረገው ዋናው ፎቶ።
- የአነሳሱ መረጃ፦ ሻተር ስፒድ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ 1/800 ማለት የሰከንድ አንድ ስምንት መቶኛ ነው)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን ለመቀበል ያለው ንቃት)፣ የሌንሱ ርዝመት፣ የተነሳበት ሰዓት፣ ከወፏ የነበራችሁ ርቀት በግምት። በስልክ ከሆነ ስንት ጊዜ ዙም እንዳደረጋችሁ።
- ብርሃኑ ከፍ የተደረገ ስክሪን። ኮምፒውተር ካለ ይመረጣል።
- ማስታወሻ ደብተር፣ ወይም ስልኩ ላይ ያለው ማስታወሻ።
- ለአንድ ፎቶ አሥር ደቂቃ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ በአውራ ጣት እያሳለፋችሁ የምትሰጡት አስተያየት «ዋው» ብቻ ነው የሚሆነው።

ክፍል አንድ፦ አስተያየት ስትጠይቁ

1. አንድ ፎቶ ብቻ ምረጡ።

አባ ኮዳ ክንፉን ሲዘረጋ አርባ ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጋችሁ ይሆናል። አርባውንም አትላኩ። አርባ ፎቶ የደረሰው ሰው አንዱንም አያይም፤ ወደ ታች ይስባል፣ «አሪፍ ናቸው» ብሎ ይወጣል። መምረጡ ለእናንተም ትምህርት ነው። ሦስተኛውን ትታችሁ አምስተኛውን ለምን እንደወሰዳችሁ ስታስቡ ግማሹን መልስ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። የግድ መምረጥ ካቃታችሁ ሁለት ላኩና «ከሁለቱ የትኛው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. በፋይል ላኩ።

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ በፎቶነት ስትልኩት መተግበሪያው ፎቶውን አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያደርሰው። የላባው ዝርዝር መጀመሪያ የሚጠፋው እዚያ ነው። በፋይል ስትልኩት እንዳለ ይደርሳል። ይህን እርምጃ መዝለል ብዙ ክርክር ያመጣል፦ አንዱ «ብዥ ብሏል» ይላል፣ ሌላው «እኔ ጋ ጥርት ያለ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚያዩት ፎቶ ግን አንድ አይደለም። (በፋይል መላክ አንድ አደጋ አለው። ማስጠንቀቂያው ላይ እመለስበታለሁ።)

3. ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ፈልጋችሁ ነበር፣ እንዴት አነሳችሁት፣ ምን ልታውቁ ትፈልጋላችሁ።

«እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ «ጥሩ ነው» ነው። ሌላ መልስ የለውም። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦

«ዓሣ አጥማጇ ወፍ ውሃው ላይ በአየር ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ለመያዝ ነበር። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 1/800፣ አይኤስኦ 400፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ርቀቱ ወደ 20 ሜትር። ክንፏ ለምን እንደዚህ ሆነ? ፍጥነቱ ነው ወይስ ፎከሱ?»

ይህ ሲደርሰኝ ምን እንደማይ አውቃለሁ። ዓላማችሁን መንገር በተለይ ይጠቅማል። ያቺን ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ጥቁርና ነጯን ኪንግፊሸር እንውሰድ። ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት አለው፣ ሴቷ አንድ ብቻ፣ ያውም ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ የተቋረጠ። ፎቶውን ያነሳችሁት ጾታዋን ለመለየት ከሆነ ደረቷ ሊታይ ይገባል፤ ጀርባዋን ሰጥታ የምታምር ፎቶ ለዚህ አትረዳም። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከሆነ ግን ጀርባዋም ያስኬዳል። ያው ፎቶ፣ ሁለት የተለያየ መልስ።

ክፍል ሁለት፦ አስተያየት ስትሰጡ

4. መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ ዓይኗ ላይ አጉልታችሁ እዩ።

ፎቶውን ሳታጎሉ ለጥቂት ሰከንድ እዩት። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ሄደ? ወፏ ላይ ወይስ ከኋላ ያለው ቀይ ጀሪካን ላይ? ይህን ወዲያው ጻፉት። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ስለምትለምዱት ጀሪካኑ ይጠፋባችኋል።

ቀጥሎ በሙሉ መጠን ከፍታችሁ ወደ ወፏ ዓይን ሂዱ። ሰው የእንስሳ ፎቶ ሲያይ ዓይን ይፈልጋል። ዓይኗ ጥርት ካለና በውስጧ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ካለች ጅራቷ ብዥ ቢልም ይታለፋል። ጅራቷ ጥርት ብሎ ዓይኗ ብዥ ካለ ግን ፎቶው አይቆምም። የኪንግፊሸሯ ዓይን ጥቁር ነው፣ ያለውም ጥቁር መስመር ውስጥ ነው። ያቺ የብርሃን ነጥብ ከሌለች ዓይን ያላት አይመስልም።

5. ከመፍረዳችሁ በፊት ያያችሁትን ተናገሩ።

«ወፏ ፍሬሙ መሃል ላይ ናት፣ ወደ ግራ ታያለች፣ ከፊቷ ያለው ሸምበቆ ጥርት ብሏል፣ ጭንቅላቷ ለስለስ ብሏል።» እዚህ ውስጥ ሙገሳም ወቀሳም የለም። ግን ያነሳው ሰው ሌላ ዓይን ምን እንዳየ ያውቃል። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ራሱ «አሃ፣ ፎከሱ ሸምበቆው ላይ ነው የሄደው!» ይላል። ከዚያ በኋላ እናንተ የምትናገሩት ይቀንሳል።

6. «ብዥ ብሏል» ካላችሁ የትኛው ብዥታ እንደሆነ ለዩ።

ይህ እርምጃ ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔ ራሴ ጉድ የሆንኩበት ነው። አንድ ወጣት በእኩለ ቀን ከሐይቁ ማዶ ያነሳቸውን ወፎች ላከልኝ። «ፎከስ አልያዘም» አልኩት። ልጁ ሳምንታት ሙሉ የፎከስ ምርጫዎችን ሲቀያይር ከረመ። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ በተከታታይ ያነሳቸውን ስድስት ፎቶዎች ሲልክልኝ የወፎቹ ጠርዝ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በሌላ ዓይነት ተጣሟል። ፎከሱ ደህና ነበር። ሙቀቱ ነው።

ስለዚህ «ብዥ» ከማለታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ።

*መላላኪያው ነው?* በፋይል ነው የመጣው? ካልሆነ አቁሙና በፋይል አስልኩ። ከዚህ በፊት የምትናገሩት ሁሉ ግምት ነው።

*ወፏ ተንቀሳቅሳለች?* የቆመችበት እንጨት ጥርት ብሎ ክንፏ ወይም ጭንቅላቷ ብቻ ብዥ ካለ ወፏ ፈጥናለች። መፍትሔው ሻተር ስፒድ መጨመር ነው። ለተቀመጠች ወፍ 1/500፣ ለምትበር 1/2000 ጥሩ መነሻ ነው። ክንፏን እያርገበገበች በአየር ለቆመች ኪንግፊሸር 1/2500ና ከዚያ በላይ። አይኤስኦው ከፍ ይላል፣ ፎቶው ላይ ኖይዝ (አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ነጠብጣብ) ይበዛል፤ ይብዛ። ኖይዝ በኤዲት ይቀነሳል፣ የተንቀሳቀሰ ዓይን ግን አይመለስም። ከላይ ያለችው የ1/800 ፎቶ መልሷ ይኸው ነው።

*እጅ ተንቀጥቅጧል?* ሁሉም ነገር፣ እንጨቱም ወፏም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳበ ይመስላል። ውሃው ላይ ያሉት የብርሃን ነጥቦች ትናንሽ ሰረዝ ሆነዋል። ለዚህ የቆየ ደንብ አለ፦ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1/400 አትውረዱ፣ በ600 ከ1/600። ሌንሱ ማረጋጊያ ካለው ትንሽ ማውረድ ይቻላል። ክርንን ከጎን ጋር ማጣበቅ፣ ዛፍ መደገፍ፣ ወይም ሩዝ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ግንብ ላይ አድርጎ ሌንሱን ማስተኛት ብር አያስወጣም።

*ፎከሱ ሌላ ቦታ ሄዷል?* ፍሬሙ ውስጥ የሆነ ነገር ጥርት ብሏል፣ ግን ወፏ አይደለችም። ብዙውን ጊዜ ከፊቷ ያለ ሳር ወይም ሸምበቆ ነው። ካሜራው በራሱ ሲመርጥ ቅርብ ያለውን ይወዳል። መፍትሔው አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ መርጦ ዓይኗ ላይ ማድረግ ነው። ካሜራው የእንስሳ ዓይን የሚፈልግ ከሆነ እሱን ማብራት። በስልክ ደግሞ ወፏን በጣት ነክቶ ትንሽ ጫን ማለት፣ አብዛኛው ስልክ ላይ ፎከሱ እዚያው ይቆለፋል።

*ሙቀት ነው?* ፎቶው ላይ ምንም ጥርት ያለ ነገር የለም፣ ግን ወደ አንድ አቅጣጫም አልተሳበም። ጠርዙ የሚፈላ ውሃ ይመስላል። ርቀቱ ሰፊ ነው፣ ሰዓቱ ረፍዷል። መሬትና ውሃ ሲሞቁ በመሃል ያለው አየር ብርሃኑን ያጣምመዋል። ይህን የሚያድን ሌንስ የለም። ቀረብ ማለት ወይም በጠዋት መሄድ ብቻ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚያነሳ ሰው «ሌንሴ ደካማ ነው» ብሎ ብሩን ሳይጥል ንገሩት።

*ወፏ ሩቅ ናት?* ዋናውን ያልተከረከመ ፎቶ ጠይቁ። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ነጥብ ያለው ፎቶ ይሰጣል። ወፏ ከስፋቱ አንድ ሃያኛውን ብቻ ከያዘች ያላት 300 ነጥብ ነው። 300 ነጥብ ውስጥ የላባ ዝርዝር አትፈልጉ። በስልክ ዙም የተደረገም እንደዚሁ ነው፤ ከሌንሱ አቅም ያለፈው ዙም ቀድሞ የተደረገ መከርከም ነው።

7. ብርሃኑን እዩ።

ሁለት ቦታ ብቻ አጉሉ፦ ነጩና ጥቁሩ ላይ። ነጭ ጭንቅላት ያለው ዓሣ በሊታ ንስር ጨለም ካለ ዛፍ ፊት ሲነሳ ካሜራው ጨለማውን አይቶ ሁሉንም ያበራዋል። ጭንቅላቱ ወረቀት ይሆናል፣ ላባ የለውም። ለዚህ የብርሃን ማካካሻውን (ካሜራው ላይ + እና − ያለበትን) ወደ ቅናሽ፣ ግማሽ ወይም አንድ ደረጃ። ጭልፊት ከሰማይ ላይ ሲነሳ ተቃራኒው ነው፤ ሰማዩ ስለሚያበራ ጭልፊቱ ጥቁር ወረቀት ይሆናል፣ ስለዚህ ወደ ጭማሪ አንድ ደረጃ። አባ ኮዳ ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ይዞ ነው የቆመው፣ ጀርባው ጥቁር ሆዱ ነጭ። እሱ ላይ ሆዱን አድኑ፣ ጀርባውን በኤዲት ማንሳት ይቀላል።

የብርሃኑ አቅጣጫም አለ። ሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ናት። ጠዋት ከከተማው ዳርቻ ቆማችሁ ወደ ውሃው ስታነሱ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፣ ዓይን ውስጥ ያቺ የብርሃን ነጥብ ትገኛለች። ከሰዓት በኋላ እዚያው ከቆማችሁ ፀሐይ ፊታችሁ ትመጣለችና ወፏ ጥላ ትሆናለች። ጥላዋን ፈልጋችሁ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ችግሩ ካሜራው ጋ አይደለም።

8. ጀርባውን፣ ከፍታውንና ጠርዙን እዩ።

ከኋላዋ ሆኖ ከጭንቅላቷ ላይ የበቀለ የሚመስል ነገር አለ? ክንፏ ወይም ጅራቷ በፍሬሙ ጠርዝ ተቆርጧል? በምታይበት አቅጣጫ ክፍት ቦታ አላት ወይስ አፍንጫዋ ግድግዳ ነክቷል? ሰውየው ቆሞ ወደ ታች ነው ያነሳው ወይስ ተንበርክኮ? አባ ኮዳ ረጅም ስለሆነ መንበርከክ ይበቃል። ለዳክዬ ግን መሬት ላይ መተኛት አለ፤ ሱሪያችሁን አስቡበት።

9. አንድ የሠራ ነገር፣ አንድ የሚስተካከል ነገር፣ እና እንዴት እንደሚስተካከል ጻፉ።

ሰባት ስህተት አግኝታችሁ ይሆናል። ስድስቱን ያዙት። ሰው በአንድ ጠዋት ሰባት ነገር አይቀይርም፤ ሰባት ከሰማ ካሜራውን ነው የሚያስቀምጠው። ከሁሉ የሚብሰውን ምረጡ። ዓይኑ ብዥ ካለ ስለ ጀርባው ማውራት አያስፈልግም።

የሠራውን ነገር መናገርም ይሉኝታ አይደለም። ሰውየው በአጋጣሚ ያገኘውን ጥሩ ነገር ካላወቀው በሚቀጥለው ጊዜ ይጥለዋል። «ቆንጆ ነው» ግን አይበቃም፣ ምኑ እንደሆነ ንገሩት።

ደካማ አስተያየት፦ «በጣም ያምራል፣ ግን ትንሽ ጨለም ብሏል።»

የሚጠቅም አስተያየት፦ «ክንፉን ሙሉ የዘረጋበትን ቅጽበት አግኝተሃል፣ ሁለቱም ጫፎች ፍሬሙ ውስጥ ናቸው። ፊቱ ግን ጠቁሯል፤ ፀሐይ ከኋላው ነበረች። በሚቀጥለው በጠዋት ሂድና ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ሞክረው።»

አንሺው በዕድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ አነጋገሩን እንጂ ይዘቱን አትቀንሱ፦ «ጋሼ፣ አቋቋሙን በጣም ወድጄዋለሁ። እዚህ ጋ ዓይኑ ጨለም ብሎብኛል። ፀሐዩን ከጀርባዎ ቢያደርጉት የሚበራ ይመስለኛል።» ለእናት ወይም ለአክስት ሲሆን እውነቱን ትቶ «ውይ ሲያምር!» ማለት ይቀናናል። አክስቴ ግን የምትጠይቀኝ ለማወቅ ነው፤ ሙገሳውማ ከልጆቿም ታገኘዋለች።

ቦታውን በግልጽ አመልክቱ። «እዚያ ጋ» ከማለት «ከታች በስተቀኝ ያለው ነጭ ድንጋይ» በሉ። ስልክ ላይ ክብ ማድረግ ይቻላል፣ አድርጉት።

ክፍል ሦስት፦ አስተያየት ሲሰጣችሁ

10. ወዲያው አትመልሱ።

አንድ ጊዜ የምወደውን የአባ ኮዳ ፎቶ ለአንድ ወዳጄ አሳየሁት። «ከራሱ ላይ መቅዘፊያ በቅሏል» አለኝ። እውነትም ከኋላ የነበረው ጀልባ መቅዘፊያ ልክ ከመላጣው መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ምን አደረግኩ? ሦስት አንቀጽ ጻፍኩለት። ቦታው ተጨናንቆ ነበር፣ ዓሣ አጥማጆቹ እየተጋፉ ነበር፣ አባ ኮዳው ሊሄድ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። መቅዘፊያው ግን አሁንም እዚያው ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብል ይወጣ ነበር።

ፎቶውን የሚያይ ሰው ያን ጠዋት ምን እንደደረሰባችሁ አያውቅም፣ የሚያየው ፍሬሙን ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ለጊዜው «አመሰግናለሁ፣ አየዋለሁ» ይበቃል።

11. ካልገባችሁ የት እንደሆነ ጠይቁ።

«ፎቶው ሕይወት የለውም» ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? ምንም። «የቱን ስታይ ነው እንደዚያ የተሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዓይኑ ጨለማ ነው» ካለ መሥሪያ አገኛችሁ። መልስ ከሌለው በሰላም እለፉት። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያንኑ ቦታ ከጠቆሙ ግን እነሱ ናቸው ትክክል፣ እናንተ ባትስማሙም።

12. አንዱን ነገር ብቻ ይዛችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ላኩ።

ማስታወሻችሁ ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ «1/2500፣ ኪንግፊሸር» ወይም «ከጀርባ ያለውን እይ»። በሚቀጥለው ጠዋት ያንን ብቻ ሞክሩ። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ከዚያ የድሮውንና አዲሱን ለዚያው ሰው ላኩለት። አስተያየት የሰጠ ሰው ምክሩ ሥራ ላይ ሲውል ካየ በሚቀጥለው አሥር ደቂቃ ሳይሆን ሃያ ይሰጣችኋል። ምክሩ ስህተት ከነበረም የሚያውቀው ያኔ ነው፤ እኔ ያንን ወጣት ያሳሳትኩትን ያወቅኩት በዚህ መንገድ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ጎጆ ያለበትን ቦታ አትግለጹ፣ አትጠይቁም። በፋይል የተላከ ፎቶ፣ በተለይ በስልክ የተነሳ፣ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የጎጆ ፎቶ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት የቦታውን መረጃ አጥፉ። በኢትዮጵያ ከሚኖሩት ጥንብ አንሶች ብዙዎቹ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ናቸው፤ አንድ የተረበሸ ጎጆ ማለት አንድ የጠፋ ዓመት ነው።
- ተረብሻ የተነሳች ወፍን አታሞግሱ። አጨብጭቦ ወይም ድንጋይ ወርውሮ ያስበረረውን ፎቶ «ምን ዓይነት ቅጽበት ነው!» ካላችሁት ነገም ይወረውራል። ስለ ፍጥነቱና ስለ ብርሃኑ ከማውራታችሁ በፊት ይህንን ንገሩት፤ ጠበቅ ብትሉም አይከፋኝም።
- ጉጉትን በሌሊት በፍላሽ አንሳ ብላችሁ አትምከሩ። ዓይኗ ለጨለማ የተሠራ ነው፣ ፍላሹ ለጊዜው ሊያደናብራት ይችላል።
- «ቀረብ በል» ስትሉ ወዴት እንደሆነ አስቡ። ሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለ። ሸምበቆ ውስጥ ግባ የሚል ምክር አይሰጥም። ግድብ፣ ድልድይና ካምፕ አጠገብም ትልቅ ሌንስ አውጥቶ መቆም ጣጣ ያመጣል፤ መጀመሪያ ጥበቃውን ማናገር ነው።
- ፎቶው ውስጥ ሰው ካለ ፈቃዱን ጠይቁ። ዓሣ አጥማጁም ፊት አለው።

የተለመዱ ስህተቶች

*«ሌንስ ቀይር» ማለት።* ከሁሉ የቀለለው፣ ከሁሉም የማይጠቅመው ምክር ነው። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ስድስት ብዥታዎች ሌንስ መቀየር በዋናነት የሚነካው አንዱን ነው፣ ርቀቱን። እሱም ቢሆን በትዕግሥት ቁጭ በማለት ብዙ ጊዜ ይፈታል፤ ወፏ ራሷ ትቀርባለች።

*የወፏ ስም ላይ መከራከር።* ሰውየው ስለ ብርሃኑ ጠየቀ፣ አሥር ሰው ስለ ዝርያው ተከራከረ፣ ብርሃኑ ተረሳ። ስሙ ከተሳሳተ በአንድ መስመር አርሙና ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

*ከባለሙያ ፎቶ ጋር ማወዳደር።* በስልክ የተነሳች ድንቢጥን ድንኳን ውስጥ ሲጠብቅ በከረመ ሰው ፎቶ መለካት ምንም አያስተምርም። ከራሱ ካለፈው ወር ፎቶ ጋር አወዳድሩለት።

*አስተያየት ሲመጣ ፎቶውን ማጥፋት።* አታጥፉት። ደረጃ 12 ላይ ጎን ለጎን የምታስቀምጡት ምን ይኖራችኋል?

*ሳይጠየቁ የሰውን ፎቶ ኤዲት አድርጎ መላክ።* «እንደዚህ ቢሆንስ» ብሎ የተከረከመ ፎቶ መላክ ለላኪው እርዳታ ይመስለዋል፣ ለተቀባዩ ግን ሥራው ከእጁ የተነጠቀ ያህል ነው። «ከርክሜ ላሳይህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካለ ዋናውን ሳትነኩ ቅጂው ላይ ሥሩ፣ ከምን እስከ ምን እንደቆረጣችሁም ጻፉለት፣ ራሱ እንዲደግመው።